ማንም ብቻውን አያመሰግንም

በእኛ የካቶሊክ ጸሎት ቤት ማንም ብቻውን አያመሰግንም። ልጅ የወለደች፣ ከሕመም የተነሳ፣ ፈተና ያለፈ፣ የጠፋች ላሙን ያገኘ፣ ሁሉም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በማስታወቂያ ሰዓት ተነስቶ ፊት ይወጣል፤ ሲወጣ ግን የቅርብ ጎረቤቱን ይዞ ነው። ባለጉዳዩ የተደረገለትን ይናገራል፤ ጎረቤቱ አጠገቡ ቆሞ «አይተናል» ይላል። እልልታው የሚቀልጠው ከዚህች ቃል በኋላ ነው። ከጎረቤቱ የተጣላ ሰው እስኪታረቅ ድረስ ምስጋናው ይቆይበታል። እኔን ይቅርና አባቴንም ሃይማኖት ያስተማሩት ሽማግሌው ካቴኪስታችን ምክንያቱን ሲጠየቁ፣ «ጎረቤት ያላየው በረከት የተሰረቀ ይመስላል» ይላሉ።

ልጅ ሳለሁ ይህ ሥርዓት በዓለም ሁሉ ያለ ይመስለኝ ነበር። አስተማሪ ሆኜ ሆሳዕና ስገባ ነው ሰው ብቻውን ማይክራፎን ጨብጦ፣ ለዚያውም ስለ ራሱ እያወራ እያወራ፣ እግዚአብሔርን ማመስገን እንደሚችል ያየሁት። ዛሬም እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥመኝ ዓይኔ አጠገቡ የቆመ ጎረቤት ይፈልጋል። ምን ላድርግ፣ ያደግኩበት ነው።

ቤታችን ሌሞ ውስጥ ነው፤ ከሆሳዕና ጥቂት በባጃጅ፣ ከዚያ በጋሪ ወይም በእግር። ጎረቤታችን ከእንሰቱ ጓሮ በታች ያለችው ሴት ናት። በሀዲይኛ እናት አማ ትባላለች፤ እኛ ልጆቹ የወለደችንንም እሷንም አማ እያልን ነው ያደግነው። እንዳይምታታብን የወለደችን የላይኛዋ፣ ጎረቤታችን የታችኛዋ ሆኑ። ሁለቱ እንሰት አብረው ይፍቃሉ፣ ገበያ አብረው ይወርዳሉ፤ ከአንዷ ጋር የተጣላ ሰው ሁለተኛዋ ሳትሰድበው ውሎ አያድርም። ታናሽ ወንድሜ የታችኛዋን ጡት ከእሷ ልጅ ጋር እየተሻማ ጠብቷል። የሁለቱን ንግግር እኔ እዚህ በአማርኛ አወራዋለሁ እንጂ እነሱስ ሁሉን የተናገሩት በሀዲይኛ ነው።

ሁለቱ ልጆች አብረው አደጉ፣ አብረው ተማሩ፣ አብረው ሥራ ፈቱ። ከዚያም አብረው ደቡብ አፍሪካ ለመሄድ ቆረጡ። እኛ አገር ይህ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም፤ በየቤቱ ቢያንስ አንድ የሄደ አለ። የመንገዱን ክፋት ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚወራው ግን ስለደረሱት ነው። እኔ ለምኛለሁ፣ ተቆጥቻለሁ፣ ወንድሜን አንድ ቀን ሙሉ አኩርፌዋለሁ። «አንቺ ደመወዝ አለሽ» አለኝ።

በእኛ ዘንድ ሴት ደስ ሲላት ራሷን ቅቤ ትቀባለች። ሐዘን ወይም ጭንቀት የገባባት ግን ቅቤ አይነካትም። ልጆቹ የሄዱ ዕለት ሁለቱ እናቶች መድረሳቸው እስኪሰማ ቅቤ ላይቀቡ ተማማሉ። መስቀል መጣ፤ የሀገሩ ሴት ሁሉ ራሱ ወዛ፤ የእነሱ ሻሽ ደረቅ እንደሆነ በዓሉ አለፈ።

ከበዓሉ በኋላ ወንድሜ ደወለ። ደርሷል። እናቴ አንድ ጊዜ እልል አለች። ሁለተኛውን ልትል አፏን ከፍታ ወደ ታች፣ ወደ እንሰቱ ጓሮ አየችና አፏን በእጇ ያዘች። ስልኩን ከእጇ ተቀብዬ ስለ ጓደኛው ጠየቅኩት። «መንገድ ላይ በተለያየ መኪና ጫኑን» አለኝ። «ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። እኔም ሰው እየጠየቅኩ ነው።»

በቀጣዩ ቅዳሜ ከሆሳዕና ስመጣ እናቴ ቡላ እያዘጋጀች አገኘኋት። ለእሑድ ምስጋና ነው። ደሜ ፈላ። «ይቆይ እንጂ አማ» አልኳት። «የሷ ልጅ ይኑር ይሙት አይታወቅም። ነገ አጠገብሽ ማን ሊቆም ነው? እሷን አቁመሽ ልጄ ደረሰልኝ ልትይ ነው?»

«ምስጋና ወተት ነው» አለች እጇን ሳታነሳ። «ካደረ ይረጋል።»

«እግዚአብሔር የአንዷን ሰምቶ የሌላዋን ካልሰማ ምኑ ነው የሚመሰገነው?»

ይህን ስል ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። ቡላውን ትንሽ ካሸች በኋላ፣ «እሱን እኔም እየጠየቅኩት ነው» አለች። «እስኪመልስልኝ ግን አኩርፌ አልቀመጥም። ማኩረፍ ላንቺ ነው የሚያምርብሽ።»

በዚህ መሀል የታችኛዋ በጓሮው በኩል ብቅ አለች። ወተት በቅል ሞልታ ይዛለች። አታካና፣ ቡላው ከወተት፣ ከቅቤና ከአይብ ጋር የሚሠራው የደስታችን ምግብ፣ ያለ ወተት አይሆንም፤ የእኛ ላም ደግሞ ነጥፋ ነበር። ቅሉን አስቀመጠችና ወደ እኔ ዞረች። «እስከ እኔ ቤት ድረስ ይሰማል ድምፅሽ። ተማሪዎችሽንም እንዲህ ነው የምታስተምሪው?» አለችኝ። ከዚያ ለእናቴ፣ «ጎረቤትሽ እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አጠገብሽ ቢቆም ሁለታችሁንም ጎትቼ ነው የማስወጣችሁ» አለቻት።

በማግሥቱ ሁለቱ ፊት ወጡ። እናቴ ባጭሩ ተናገረች፤ ልጄ ደረሰልኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አለች። ከዚያ ቤቱ ሁሉ ዓይኑን ወደ ታችኛዋ አዞረ። ስለ ልጇ ሁሉም ያውቃል። አንዲት ሴት ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ስታነሳ አየሁ። እኔ ከጎን ሆኜ የማየው የታችኛዋን እጅ ነበር፤ የነጠላዋን ጫፍ ጠምዝዛ ጠምዝዛ ገመድ አድርጋዋለች። ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም። «አይተናል» አለች። እልልታው ወጣ፤ እንደወትሮው አልደመቀም።

ቤት ስንገባ እንግዳ ያስታጠበችው፣ አታካናውን ያቀረበችው፣ ሽማግሌዎቹን ብሉ ብሉ ያለችው እሷ ነበረች። ሰው ሲበተን ባዶ ቅሏን ይዛ በእንሰቱ መሀል ወደ ቤቷ ወረደች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እግዚአብሔርን ተቀየምኩት። እንደዚያ ቀን ተቀይሜው አላውቅም።

ጥቂት ወራት አለፉ። ከታችኛዋ ልጅ ምንም የለም። ከሄዱት ወገን የተገኘ ስልክ ሁሉ ተሞከረ፤ ወንድሜ እዚያ ያገኘውን ሁሉ ጠየቀ። አንዱ ታስሯል ይላል፣ አንዱ በሌላ መንገድ ሄዷል ይላል። ሦስተኛውን ወሬ ማንም በአፉ አይናገረውም።

አንድ ቅዳሜ እንሰት ሊፍቁ ተቀምጠው ነበር። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው በቀርከሃ መፋቂያ ቅርፊቱን ይገፋሉ፤ እኔ የተፋቀውን እሰበስባለሁ። እናቴ ጎንበስ ስትል ሻሿ ወለቀ። ጸጉሯ ደርቆ ጠውልጓል። ከምስጋናው ማግሥት ጀምሮ ተቀብታለች ብለን ነበር፤ እሷም ሻሿን ከራሷ አውርዳ አታውቅም።

የታችኛዋ መፋቂያዋን አስቀመጠች። «አልተቀባሽም እንዴ?»

«ሁለቱ ልጆች ሲደርሱ ነው ያልነው» አለች እናቴ ሻሿን እያሰረች። «አንድ ነው የደረሰው።»

«ያን ጊዜ አጠገብሽ የቆምኩት ታዲያ ለምንድን ነው? ሄደሽ ተቀቢ።»

«አልቀባም።»

«ትቀቢያለሽ።»

ሁለቱ እንደ ሕፃን ተጣሉ። በመጨረሻ የታችኛዋ ተሸነፈችና መፋቂያዋን አንስታ ሥራዋን ቀጠለች። ስትፍቅ እንባዋ እጇ ላይ ይንጠባጠባል። እናቴ እንዳላየ ሆነች። እኔም እንደዚያው።

የታችኛዋ ልጅ የመጣው ወደ እኔ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ሆሳዕና በተከራየሁት ቤት በር ላይ አንድ ከሲታ ሰው በቁምጣ መሳይ ሱሪ ተቀምጧል። ለማኝ መስሎኝ «እግዜር ይስጥህ» ልለው ነበር። በስሜ ሲጠራኝ ነው ያወቅኩት።

መንገድ ላይ ባለ አንድ አገር ተይዞ ታስሮ ነበር። ከሌሎች ጋር ተጠርዞ አዲስ አበባ ገባ፤ ከዚያ በአውቶቡስ እስከ ሆሳዕና መናኸሪያ። ከመናኸሪያው እናቱ ቤት ሩቅ አይደለም፤ እሱ ግን እዚያ መሄድ አልቻለም። ቆጮና ጎመን አቀረብኩለት። አንገቱን ደፍቶ በላ። ጎርሶ ሲጨርስ፣ «ለአማ እንዳትነግሪያት» አለኝ። «ትንሽ ሥራ ልፈልግ። በሬው ተሽጦልኝ ሄጄ ምን ይዤ ልግባ?»

ያ ሁሉ ወራት ያጠራቀምኩት ቁጣ እሱ ላይ ወረደ። «እናትህ ከሄድክ ጀምሮ ቅቤ አልተቀባችም» አልኩት። «የኔም እናት ባንተ ምክንያት አልተቀባችም። እናትህ መኖርህን እንኳ አታውቅም። ራስህን ይዘህ ትገባለህ፣ ሌላ ምን አባክ ትፈልጋለህ?» ይህን ብዬ እኔው አለቀስኩ። እሱ ተነስቶ ውሃ ቀድቶ ሰጠኝ። ድሮም እንደዚህ ነው፣ ክፉ ሲናገሩት ውሃ ያመጣል።

ሲመሽ እንሂድ ብሎ ለመነኝ፣ ሰው እንዳያየው። እምቢ አልኩ። «በጨለማ የሚገባ ሌባ ነው። አንተ ምን ሰርቀሃል?» በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር፤ ሰው ሁሉ ወደ ገበያ በሚወርድበት ሰዓት እኔና እሱ ወደ ላይ ወጣን። የሚያውቁት ሰላም ይሉትና የሚቀጥለው ቃል ይጠፋቸዋል። እንኳን ደረስክ እንዳይሉት አልደረሰም። በጋሪ የሚያልፉት ዞረው ዞረው ያዩታል። ከኋላዬ ሆኖ መሬት መሬት እያየ ተከተለኝ።

ሁለቱ እናቶች የገብሱን አረም ሲነቅሉ አገኘናቸው። የታችኛዋ ቀና ብላ አየችው። አልጮኸችም፣ አልወደቀችም። መጥታ በግ የሚገዛ ሰው እንደሚያደርገው ትከሻውን፣ ክንዱን፣ ጀርባውን ዳበሰችው። ጆሮውን ሳይቀር ነካችው። ከዚያ፣ «ርቦሃል» አለችውና እጁን ይዛ ወደ ቤት ወሰደችው። እናቴ ገብሱ መሀል የነቀለችውን አረም እንደያዘች ቀረች። አረሙን እኔ ነኝ ከእጇ ያስጣልኳት።

የሚቀጥለው ሳምንት ነገር እስከ ዛሬ ያስቀኛል፤ ያሳዝነኛልም። ጎረቤቱ ሊጠይቃት መጣ፤ ምን ብሎ እንደሚጠይቃት ግን አላወቀም። ልጇ ደቡብ አፍሪካ ደረሰ ለተባለች እናት እንኳን ደስ ያለሽ ይባላል። ልጇ ለሞተባት እግዚአብሔር ያጽናሽ ይባላል። ልጇ ሳይደርስ በሕይወት ለተመለሰላት የሚባል ነገር አልነበረንም። ስለዚህ ሰዉ የሚያውቀውን ይዞ መጣ። እጁን ጉንጩ ላይ አድርጎ ይቀመጣል፣ «አይዞሽ» ይላል፣ «የጠፋውን ይተካልሽ» ይላል። አንዲት ደግ ሴት ንፍሮ ቀቅላ መጣች፤ ንፍሮ ወደ ለቅሶ ቤት ነው የሚወሰደው። ልጁ ጥግ ላይ ተቀምጦ የራሱን ለቅሶ ያያል።

የታችኛዋ ንፍሮውን ተቀበለች። ለእንግዶቹ ሁሉ አደለች። መጨረሻ ላይ ለልጇ እፍኝ ሙሉ ሰጠችውና፣ «ብላ» አለችው። «ስላንተ ነው የተቀቀለው። እኔ ደግሞ በመጪው እሑድ አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁም ትመጣላችሁ።» ንፍሮ ያመጣችው ሴት አንገቷን ደፋች። ክፋት አልነበረባትም። ሁላችንም እንደዚያው ነበርን፤ ሰው ይዞት የሚመጣውን ነገር እንጂ ሰውየውን ራሱን መቀበል አልለመድንም።

ካቴኪስታችን እንኳ ግራ ገባቸው። «ምስጋናው ምን ተብሎ ነው የሚነገረው?» ብለው ጠየቋት።

«ልጄ ተመለሰ ተብሎ ነዋ። ምን ይጨመርበታል?»

እሑዱ ግን አልሆነም፤ የሚቀድሱልን አባ በሌላ ጸሎት ቤት ስለነበሩ ቅዳሴ ወደ ሌላ ሳምንት ተላለፈ፤ በዚያ ሳምንት ደግሞ ልጁን ወባ ጣለው። ነገሩ እየቆየ ሲሄድ እናቴ፣ «ይኸው ምስጋናሽ ረጋ» ብላ አሾፈችባት።

«የረጋውን አይደል የሚንጡት» አለች የታችኛዋ።

በመጨረሻ ሁለቱ ፊት ወጡ። አሁን ባለጉዳይዋ የታችኛዋ፣ ምስክሯ እናቴ ናት። ልጁ በሩ አጠገብ፣ የጃኬቱን ኮሌታ አንስቶ ቆሟል። የታችኛዋ፣ «ልጄ ሄዶ ነበር» አለች። «አልደረሰም። እግዚአብሔር መለሰልኝ። አመሰግነዋለሁ።» ይኸው ነው የተናገረችው።

ሰዉ የእናቴን «አይተናል» ጠበቀ። እናቴ ዝም አለች። እኔ ፈራሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ሌሊት ወንድሜ ደውሎ የመኖሪያ ወረቀት እንደሌለው፣ ወደ አገሩ ለመምጣት ቢወጣ ወደዚያ መመለስ እንደማይችል ነግሯት ነበር። ቀናችባት ብዬ ፈራሁ። እናት ናት፣ ብትቀናስ ምን ይገርማል?

«እኔ ባመሰገንኩ ጊዜ ይህች ሴት አጠገቤ ቆማ አይተናል አለች» ብላ ጀመረች እናቴ። «ምን አየች? በስልክ ነው የሰማነው። እሷ ስለኔ ብላ ያላየችውን አይቻለሁ አለች። የኔን ልጅ ከሄደ ወዲህ በዓይኑ ያየ ሰው እዚህ የለም፤ እኔም አላየሁትም። የሷን ግን አይቻለሁ። ትናንት እንጨት ፈልጦልኛል። ዛሬ ጠዋት በደጄ ሲያልፍ ሳል ይዞት ነበር፣ ሰምቻለሁ።» ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «አይተናል» አለች።

እልልታው ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። ንፍሮ ያመጣችው ሴት ከሁሉ በላይ ትጮህ ነበር። በሩ አጠገብ ያሉት ወንዶች ልጁን ወደ ፊት ገፉት፤ ኮሌታውን አወረደ።

ቤት ገብተን አታካናው ሲበላ የታችኛዋ ለጋ ቅቤ በእንሰት ቅጠል ይዛ መጥታ እናቴን ከደጁ በርጩማ ላይ አስቀመጠቻት። እናቴ ሻሿን ያዘች። «የኔ ገና አልመጣም» አለች ቀስ ብላ።

«የኔ የት እንዳለ ሳላውቅ ላንቺ ቆሜያለሁ። አሁን አንገትሽን አቅኚ።»

እናቴ ሻሿን ለቀቀች። የታችኛዋ ቅቤውን መሀል አናቷ ላይ አደረገችላት፣ በጣቷም ወደ ታች አወረደችው። ከዚያ ተቀያየሩና እናቴ ቀባቻት። ሁለት አሮጊቶች ፀሐይ ላይ ግንባራቸው ወዝቶ ተቀመጡ። ደስ አለኝ። ያን የተቀየምኩትን ቂም እንኳ ለጊዜው ረሳሁት።

ስልኬ ጠራ። ወንድሜ ነው፣ በቪዲዮ። ከሚሠራበት ሱቅ ውስጥ ነው፤ ከኋላው የብረት ፍርግርጉ ይታያል። ዘራፊ ስለሚፈራ ሱቁን የሚከፍተውም የሚዘጋውም ከዚያ ፍርግርግ ውስጥ ሆኖ ነው፣ የሚተኛውም እዚያው ነው። ስልኩን ለእናቴ ሰጠኋት።

«አማ፣ ቅቤ ተቀባሽ?» አለ። «ምን ተገኘ?»

«የታች ቤት ምስጋና ነበር። ጓደኛህ ተመለሰ አላልኩህም?»

«አሁን እዚያ ነው?»

«አዎ። ከውስጥ አታካና እየበላ ነው።»

ወንድሜ ሊናገር ሲል ከፍርግርጉ ወዲያ ሰው ጠራው። ዞር ብሎ የሆነ ነገር አቀበለና ተመለሰ። ከዚያ ፊቱን ወደ ስልኩ አስጠግቶ፣ «ታድሎ» አለ።

ልጁ ከውስጥ ሰምቷል። ማንኪያውን አስቀምጦ ወጣና በሁለቱ እናቶች መሀል መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሁለቱ ጓደኛሞች ተያዩ። እናቴ ጣቷ ላይ የቀረውን ቅቤ አየችው። ከዚያ ስልኩን ወደ ራሷ አቅርባ ከወንድሜ ግንባር ከፍ ብሎ ያለውን ቦታ፣ መሀል አናቱን፣ ቀስ አድርጋ ቀባችው። ስክሪኑ ደበዘዘ፣ ፊቱም ጠፋብን፤ ጥረጊው ያላት ሰው ግን አልነበረም።